በአጭር የተቀጩ የሳይንስ ልብ ወለድና የአስፈሪ ተከታታይ ፊልሞች ትዝታ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያና ከአካባቢው የፊልም ወዳጆች በየጊዜው ለሚነሡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ ነው፤ ዓመታቱና ወራቱ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአጭር የተቀጨ ተከታታይ ፊልም የሚባለው የትኛው ነው?

ታሪኩ ሳያልቅ ጣቢያው ያቋረጠው፣ አብዛኛውን ጊዜም ከአንድ ወይም ከሁለት ሲዝን ያላለፈ ተከታታይ ፊልም ነው። መለኪያው የክፍሎቹ ቁጥር ማነስ ብቻ አይደለም። በ2009 የታየው የግድያ ምሥጢር ፊልም ሃርፐርስ አይላንድ 13 ክፍል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከመነሻው በዚያው ልክ እንዲያልቅ ታቅዶ የተሠራ በመሆኑ ገዳዩ ማን እንደሆነ ተመልካቹ አውቆ ይነሣል። የእንግሊዙ ዘ ፕሪዝነርም በ1967 እና በ1968 በ17 ክፍል ተጠናቅቋል፤ የመጨረሻው ክፍል እስከ ዛሬ ቢያከራክርም ፍጻሜ መሆኑን የሚክድ የለም።

በአንጻሩ ካርኒቫል 24 ክፍል ተሠርቶለትም በአጭር ከተቀጩት ወገን ይመደባል። ፈጣሪው ዳንኤል ናውፍ ታሪኩን ለስድስት ሲዝን አቅዶት ነበር፤ የአሜሪካው ጣቢያ ኤችቢኦ ግን በ2005 ሁለተኛው ሲዝን እንዳለቀ አቁሞታል። እንግዲህ የምንናፍቃቸው እነዚህን ነው፤ ገና የሚናገሩት እያላቸው ዝም የተሰኙትን።

እነዚህን ፊልሞች ወሎ ላይ ያየናቸው በምን በምን መንገድ ነበር?

መንገዱ እንደየዘመኑ ይለያያል። በካሴቱ ጊዜ ቪዲዮ ቤቶች ይበልጡን የሚያሳዩት የህንድና የድብድብ ፊልም ስለነበር፣ ተከታታይ ፊልም የፈለገ ሰው ካሴት የሚያከራዩ ሱቆችን ደጅ መጥናት ነበረበት። ቀጥሎ ዲሽ መጣ። ዓረብ አገር ሠርተው የተመለሱ ወይም እዚያ ዘመድ ያላቸው ቤተሰቦች ሪሲቨሩን ቀድመው ያስገቡ ስለነበር ከሰፈሩ ልጆች ብዙዎቹ የሚሰበሰቡት እነሱ ቤት ነበር። የሚታየውም ኤምቢሲ 2፣ ኤምቢሲ 4፣ ከ2007 ወዲህ ደግሞ ኤምቢሲ አክሽን ነው። ንግግሩ እንግሊዝኛ፣ ከግርጌ የሚያልፈው ጽሑፍ ዓረብኛ ነው። ጂዳ ወይም ሪያድ ኖራ የተመለሰች እህት ካለች የግርጌውን እያነበበች ለቤቱ ሰው ሁሉ ትተረጉማለች፤ ብዙ ወሎዬ የጠፈር መርከብን ጉዳይ በመጀመሪያ የሰማው በእንዲህ ያለ ድምፅ ነው።

ከዲሹ ጎን ለጎን የዲቪዲው ጊዜ ሆነ። ነጩ ዲስክ ላይ የፊልሙ ስም በማርከር ይጻፋል፤ በአንድ ዲስክ ብዙ ክፍል ስለሚታጨቅ ጨለማ የበዛበት ትዕይንት ሲመጣ ሥዕሉ ትንንሽ አራት ማዕዘን እየሆነ ይበታተናል፤ አስፈሪ ፊልም ደግሞ ከግማሽ በላዩ ጨለማ ነው። ከዚያ ፍላሽ ይዞ ሄዶ ፊልም ማስጫን ተለመደ።

መንገዶቹ ሁሉ ጉድለት ነበረባቸው። ዲሹ ላይ መብራት በሄደበት ምሽት የታየው ክፍል ያመልጣል፤ ዲስኩ ላይ የመጨረሻው ክፍል አልከፍት ይላል፤ ፍላሹ ላይ የተወሰኑ ክፍሎች ሳይገለበጡ ይቀራሉ። የሚቀጥለው ጥያቄ የተወለደው ከዚህ ነው።

ሱቁ ቀጣዩን ክፍል ያላመጣው መስሎኝ ለዓመታት ጠብቄአለሁ። በእርግጥ ቀጣይ አለው?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ለአብዛኞቹ ፊልሞች መልሱ «የለውም» ነው። ባለሱቁ «አብሽር፣ ሲመጣ እደውልልሃለሁ» ያለው ከልቡ ነበር፤ እሱም እንደ ደንበኛው ሁሉ ቀጣዩን ይጠባበቅ ነበር። ፊልሙ ግን እኛ ዲስኩን በተቀበልንበት ሰዓት በአገሩ ከተቋረጠ ቆይቷል። የመቋረጡ ዜና በአሜሪካ ጋዜጦች ሲወጣ ዲስኩን የሚቀዳ ሰው አይቶት ሊሆን ይችላል፤ ዜናው ከዲስኩ ጋር አብሮ ደሴ የሚደርስበት መንገድ ግን አልነበረም።

ጥርጣሬውን ለመፍታት የክፍሎቹን ቁጥር መመልከት ይጠቅማል። የአሜሪካ ትልልቅ ጣቢያዎች በዚያ ዘመን ለአዲስ ተከታታይ ፊልም በተለምዶ በቅድሚያ 13 ክፍል ያዝዙ ነበር፤ ተመልካች ካገኘ 9 ጨምረው ሲዝኑን 22 ያደርሱታል። ስለዚህ በእጃችሁ ያለው ፊልም 13 ላይ ወይም 22 ላይ ቆሞ ከሆነ ጉድለቱ የሱቁ ሳይሆን የጣቢያው ውሳኔ ሳይሆን አይቀርም። ቴራ ኖቫ በ2011፣ አልካትራዝ በ2012፣ ኦልሞስት ሂዩማን ከ2013 እስከ 2014፣ ኮንስታንቲን ከ2014 እስከ 2015 ታይተው አራቱም በ13 ክፍል ቀርተዋል። ፍላሽፎርዋርድና ዘ ኢቨንት እያንዳንዳቸው 22 ክፍል ናቸው። ከ2009 እስከ 2011 የታየው አዲሱ ቪም በሁለት ሲዝን 22 ክፍል ነው። የሳራ ኮነርን ታሪክ የያዘው የተርሚኔተር ተከታታይ ፊልም በ31ኛው ክፍል፣ በ2009፣ ያበቃል።

ቴራ ኖቫን በምሳሌነት ልውሰድ፤ ብዙ ጥያቄ የሚመጣው ስለ እሱ ነውና። በ2149 ምድር አየሯ ተበክሎ መኖሪያ መሆን ሲያቅታት፣ የተመረጡ ቤተሰቦች 85 ሚሊዮን ዓመት ወደ ኋላ፣ ወደ ዳይኖሰሮች ዘመን ይላካሉ። በመጨረሻው ክፍል የሁለቱ ዘመናት መተላለፊያ ከተዘጋ በኋላ ኮማንደር ቴይለርና ጂም ሻነን ባድላንድስ ከሚባለው በረሃማ ስፍራ የተገኘ የአሮጌ እንጨት መርከብ የፊት ጫፍ ቆመው ያያሉ። ሰው ገና ባልተፈጠረበት ዘመን ሰው ያነጸው መርከብ ከየት መጣ? መልሱን የሚሰጥ ክፍል አልተሠራም። የአሜሪካው ጣቢያ ፎክስ በ2012 መጋቢት ወር ላይ ፊልሙን አቁሞታል። እንግዲህ ያንን መርከብ አይታችሁ ከሆነ ፊልሙን እስከ ጫፉ አይታችኋል ማለት ነው።

ይህ ዕጣ ለምን በሳይንስ ልብ ወለድና በአስፈሪ ፊልሞች ላይ ይበዛል?

የመጀመሪያው ምክንያት ገንዘብ ነው። የፖሊስ ወይም የሆስፒታል ድራማ አንዴ የተሠራውን ቢሮና ክፍል ደጋግሞ ይጠቀማል፤ የጠፈር ፊልም ግን በየሳምንቱ አዲስ ዓለም፣ አዲስ ፍጡር፣ አዲስ አልባሳት ይፈልጋል። በ1978 የተጀመረው የመጀመሪያው ባትልስታር ጋላክቲካ ለአንድ ክፍል አንድ ሚሊዮን ዶላር ያህል ይወጣበት ነበር፤ ይህም በዘመኑ ለቴሌቪዥን እጅግ ከባድ ወጪ ነው። ኤቢሲ ከ24 ክፍል በኋላ አቆመው። ልብ በሉ፤ ተመልካች አጥቶ አልነበረም፤ ያገኘው ተመልካች ወጪውን የሚመጥን አልሆን ብሎ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የጣቢያው አያያዝ ነው፤ እኔም ይበልጥ የማዝነው በዚህ ነው። ፎክስ በ2002 መስከረም የጠፈር ፊልሙን ፋየርፍላይን ሲጀምር ታሪኩን የሚያስተዋውቀውን የሁለት ሰዓት መክፈቻ አስቀርቶ ሌላ ክፍል አስቀደመ። ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ መርከቡ ላይ እንዴት እንደተገናኙ የሚነግረው መክፈቻ የታየው ፊልሙ ከተሰረዘ በኋላ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን ነው። የተመደበለት ሰዓትም ዐርብ ማታ ነበር፤ ዐርብ ማታ ደግሞ እንዲህ ያለውን ፊልም የሚወደው ወጣት ከቤት የሚወጣበት ሰዓት ነው። ከተሠሩት 14 ክፍሎች 11 ብቻ ታይተው ተቋረጠ። መግቢያው ተነሥቶለት የቀረበን ታሪክ ሕዝቡ አልወደደውም ብሎ መፍረድ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የእነዚህ ፊልሞች ተፈጥሮ ነው። እንቆቅልሹ ከክፍል ወደ ክፍል ስለሚያድግ አምስተኛው ላይ የደረሰ አዲስ ተመልካች መግባት ይቸግረዋል፤ ያመለጠውም ሰው መመለስ ይከብደዋል። ዛሬ ከመጀመሪያው አስጀምሮ ማየት ቀላል ሆኗል፤ ያን ጊዜ ያመለጠ አመለጠ ነው።

ተመልካች ተቃውሞ የተሰረዘ ፊልም ያስመለሰበት ጊዜ አለ?

አለ። ከሁሉ የሚታወሰው የጄሪኮ ነው። ፊልሙ በአሜሪካ ከተሞች ላይ የኑክሌር ቦምብ ከፈነዳ በኋላ በካንሳስ አንዲት ትንሽ ከተማ ነዋሪዎች እንዴት እንደሚተርፉ የሚያሳይ ነው። ሲቢኤስ በ2007 ግንቦት ከ22 ክፍል በኋላ ሲሰርዘው፣ ወዳጆቹ በመጨረሻው ክፍል የተነገረን «ነትስ» የሚል ቃል (የእንቢታ መልስ ነው፤ በቃሉ ግን ለውዝ ማለት ነው) ይዘው ወደ ጣቢያው ቢሮ 20 ቶን የሚያህል ኦቾሎኒ ላኩ። ጣቢያው ሰባት ክፍል ጨመረ፤ በ2008 ታይቶም በድምሩ በ29 ክፍል ተፈጸመ። ሰባቱ ክፍሎች ጥድፊያ ይታይባቸዋል፤ ቢሆንም ታሪኩ መቋጫ አግኝቷል።

ከዚያ ቀደም የመጀመሪያው ስታር ትሬክ ከሁለተኛው ሲዝን በኋላ ሊሰረዝ ነው ሲባል ተመልካቾች ኤንቢሲን በደብዳቤ አጥለቀለቁት፤ ሦስተኛ ሲዝንም ተፈቀደ። በ1969 በ79 ክፍል ቢቆምም በየአካባቢው ጣቢያ እየተደጋገመ ሲታይ ከመጀመሪያው ጊዜ የበለጠ ወዳጅ አፈራ፤ በ1979 ወደ ሲኒማ ተመለሰ። የፋየርፍላይ ወዳጆችም ዲቪዲውን በብዛት በመግዛታቸው በ2005 ሴሬኒቲ የተባለው ፊልም ተሠርቶ የታሪኩን ዋና ቋጠሮ ፈታ። በእኛ በኩል እንዲህ ያለ ዘመቻ ላይ ተሳትፎ አልነበረንም፤ ፊልሙ ሲደርሰን ዘመቻው ካለፈ ቆይቷልና።

ፋየርፍላይን በየትኛው ቅደም ተከተል ልይ?

ሴሬኒቲ ከሚለው የሁለት ሰዓት መክፈቻ ክፍል ጀምሩ። 14ቱን ክፍሎች ዲቪዲው ላይ በተቀመጡበት ተራ ጨርሱ፤ በመጨረሻ የ2005ቱን ፊልም እዩ። የክፍሉና የፊልሙ ስም አንድ ስለሆነ ፍላሽ ላይ ሲጫን አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል፤ ክፍሉ የቴሌቪዥን፣ ፊልሙ የሲኒማ መሆኑን አረጋግጡ።

ስሙን የረሳሁትን ፊልም እንዴት አገኘዋለሁ?

በመጀመሪያ ስሙን ለማስታወስ መታገልን ተዉ፤ ዲስኩ ላይ የተጻፈው ስም ብዙ ጊዜ የፊልሙ እውነተኛ ስም አልነበረም። ባለሱቁ በዋናው ተዋናይ ስም፣ በሚመስለው ሌላ ፊልም ስም፣ ወይም «ዳይኖሰሩ»፣ «ቫምፓየሩ» እያለ ይጽፈው ነበር። የሚረዳው ከሌላ ፊልም ጋር የማይጋራው ነገር ነው። አንድ ወዳጃችን «ሁሉም ሰው ባለበት ወድቆ ይተኛል» ከማለት በቀር ምንም አላስታወሰም፤ ይህ ብቻውን ይበቃል። ፍላሽፎርዋርድ ነው፤ የዓለም ሕዝብ ሁሉ ለ2 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ ራሱን ስቶ በዚያች ቅጽበት የወራት በኋላውን ሕይወቱን የሚያይበት ፊልም ነው። «ቫምፓየር ሆኖ የግል መርማሪ የሆነ ሰው» ከሆነ ሙንላይት ነው፤ በ2007 ተጀምሮ በ16 ክፍል የቀረ። «አማዞን ውስጥ የጠፋ አባት፣ የቪዲዮ ካሜራ፣ መናፍስት» ከሆነ ዘ ሪቨር ነው፤ በ2012 የታየ 8 ክፍል።

ሁለተኛው መንገድ የት እንዳያችሁት ማሰብ ነው። ግርጌው ዓረብኛ ከነበረ ዲሽ ላይ ነው፤ ስለዚህ ዓመቱን በግምት መወሰን ይቻላል። ሥዕሉ በመስመር ይቆራረጥ ከነበረ ካሴት ነው፤ ፊልሙም ብዙ ጊዜ ከ1990ዎቹ አያልፍም።

ተመሳሳይ ስም ካላቸው ተጠንቀቁ። ቪ ሁለት ነው፤ አንዱ በ1983 በአጭር ተከታታይነት ተጀምሮ በ1984 እና በ1985 የቀጠለው፣ ሌላው የ2009 ነው። በሁለቱም ሰው መሳይ እንግዶች ከሰማይ ይመጣሉ፤ ከቆዳቸው ሥር ግን የሚሳቡ እንስሳት ናቸው። ቀይ የደንብ ልብስ ካስታወሳችሁ የድሮው ነው። ባትልስታር ጋላክቲካም የ1978 እና የ2003 አለው፤ ጠላቶቹ ሮቦቶች ሰው መስለው በሰው መካከል የሚኖሩበት ከሆነ የኋለኛው ነው።

ዐሥር ዓመት ከሮጡት ፊልሞች ይልቅ በአጭር የቀሩት ለምን ይናፍቁናል?

ብሉማ ዛይጋርኒክ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1927 ባሳተመችው ጥናት ሰዎች ከጨረሱት ሥራ ይልቅ በመካከል የተቋረጠባቸውን ይበልጥ እንደሚያስታውሱ ገልጻ ነበር። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግኝቱን ሁልጊዜ አልደገሙትም፤ ስለዚህ ሙሉ ማብራሪያ አድርጌ አልወስደውም። ዕድሜም ድርሻ አለው፤ በጉርምስናና በወጣትነት ያየነው ነገር ከሌላው ዘመን ይልቅ ጠልቆ እንደሚቀር የታወቀ ነው።

እኔ ግን ዋናውን ምክንያት ሌላ ቦታ አገኘዋለሁ። ረጅሙ ፊልም ታሪኩን ራሱ ይጨርሰዋል፤ እየተጎተተ ሲሄድ ወዳጁም ይሰለቻል፤ የመጨረሻው ሲዝን ካስከፋው ያንን ይዞ ይቀራል። የተቋረጠው ፊልም ግን ለመበላሸት ዕድል አላገኘም። ቀሪውን የጨረስነው እኛ ነን። የቡና ሰዓት ላይ፣ ሁለተኛው እየተቀዳ፣ «መርከቡን ያመጡት እነማን ናቸው?» ተብሎ ሲጠየቅ አንዱ ከወደፊቱ ዘመን ይላል፤ ሌላው ሌላ መተላለፊያ አለ ይላል፤ ፊልሙን ጨርሶ ያላየችው እናት ሳትቀር ትፈርዳለች። እኛ ደግሞ ፊልሙ መሰረዙን ስለማናውቅ ግምታችንን የምንገምተው ነገ እንደሚፈተን አምነን ነበር። ይህ ከአሜሪካው ተመልካች ይለየናል፤ እሱ መቋረጡን ሰምቶ አዘነ፤ እኛ ሳንሰማ ለዓመታት በተስፋ ቆየን። ወሎ ላይ የእነዚህ ፊልሞች ትዝታ ከሐዘን ይልቅ የመጠበቅ ጣዕም ያለው በዚህ የተነሣ ይመስለኛል፤ በዚህ ትዝታ ማንም ሊያፍር አይገባም።

አስፈሪዎቹን ዛሬ ሳያቸው አያስፈሩኝም። የተለወጠው ምንድን ነው?

በከፊል ቴክኒኩ ነው፤ በላስቲክ የተሠራ ጭራቅ በትልቅና ጥርት ባለ ስክሪን ላይ ላስቲክነቱ ይታያል። በድሮው ትንሽ ቴሌቪዥንና በተደጋገመ ቅጂ ላይ ግን ሥዕሉ ራሱ ግማሹን ይደብቅ ነበር፤ የተደበቀውን የሚሞላው ፍርሃታችን ነበር።

ከዚህ የሚበልጠው አካባቢው ነው። በክረምት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ደሴን ሲሸፍን ከጎረቤት ቤት ፊልም አይቶ የሚመለስ ልጅ የራሱን በር እስኪነካ ድረስ አያየውም። መብራት ቢሄድ ደግሞ ፊልሙ ቆሞ ወሬው ይቀጥላል፤ አንድ ትልቅ ሰው ስለ ጅን፣ ስለ ዛር፣ ሌሊት ወንዝ ዳር ስለሚሰማ ድምፅ ያነሣል። የባሕር ማዶው ቫምፓየር ለእኛ እንግዳ ነበር፤ ያስፈራን በኩራዝ ብርሃን ከራሳችን ተረት ጋር ተጎራብቶ ነው። ዛሬ ብቻችሁን በስልክ ስታዩት ያ ሁሉ የለም። ፍርሃቱን መመለስ የሚፈልግ ሰው ክፍሉን አጨልሞ ከሦስት አራት ሰው ጋር ቢያየው ልዩነቱን ይረዳል።

በቴክኒኩ አርጅቶም የሚይዝ አለ። ከ1974 እስከ 1975 በ20 ክፍል የታየው ኮልቻክ፦ ዘ ናይት ስቶከር ለዚህ ጥሩ ነው። ዳረን ማክጋቪን የሚጫወተው ጋዜጠኛ አሮጌ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ የገለባ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ በየሳምንቱ አንድ ጉድ ያያል፤ ጽሑፉን ግን አለቃው አያትምለትም። ጭራቁ ባያስፈራም እውነት ተናግሮ የማይታመን ሰው ጭንቀት አያረጅም። የኤክስ ፋይልስ ፈጣሪ ክሪስ ካርተር መነሻዬ እሱ ነው ብሏል፤ ማክጋቪንንም በራሱ ፊልም ላይ በእንግድነት አቅርቦታል።

እንደገና የተሠሩት የድሮውን ይተካሉ?

ጥቂቶቹ ይተካሉ። የ2003ቱ ባትልስታር ጋላክቲካ ከመነሻው የጠለቀ ነው ብዬ ያለማመንታት እናገራለሁ። ኮልቻክ ግን በ2005 እንደገና ሲሠራ ባርኔጣውም ቀልዱም ቀርቶ ስለመጣ 10 ክፍል ተዘጋጅቶለት 6 ብቻ ታይቶ ተሰረዘ።

ትዊን ፒክስ ለብቻው ይታያል። በ1990 እና በ1991 በ30 ክፍል ታይቶ ሲቋረጥ፣ ዋናው መርማሪ መስተዋት ፊት ቆሞ ሌላ ፊት የሚያይበት ትዕይንት ላይ ነበር። የሞተችው ላውራ ፓልመር በሕልም ዓለም «ከ25 ዓመት በኋላ አይሃለሁ» ብላው ነበር፤ ፊልሙም በ2017 በ18 ክፍል ተመለሰ። የሄደውን ነገር እንዳለ እንዲመልስላችሁ የምትጠብቁ ከሆነ ታዝናላችሁ፤ ዳይሬክተሩ ዴቪድ ሊንች ጊዜው ማለፉን ራሱን ታሪክ አድርጎ ነው የሠራው። እኔ ከመጀመሪያው ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ የማይስማሙኝ ብዙ ናቸው።

ቤቴ አሮጌ ካሴትና ዲስክ አለ። መጣል ነው ማስቀመጥ?

አስቀምጡ፤ ከማስቀመጥም አልፋችሁ ቶሎ አስገልብጡ። ትልልቅ ጣቢያዎች ራሳቸው የሠሩትን አላስቀመጡም። ቢቢሲ በ1953 በስድስት ክፍል በቀጥታ ካስተላለፈው ዘ ኳተርማስ ኤክስፐርመንት ዛሬ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከ1960ዎቹ የዶክተር ሁ ክፍሎችም ብዙ ደርዘኖቹ ቴፑን ለሌላ ቀረጻ ለመጠቀም ሲባል ተደምስሰው ጠፍተዋል። በ2013 ለሕዝብ የተገለጹት የጠፉ ዘጠኝ ክፍሎች የተገኙት ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ፣ ከአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ መጋዘን ነው። አፍሪካ ውስጥ መደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሰ ነገር ዋጋ የለውም የሚል ሰው ይህን ያስታውስ።

በእናንተ ካሴት ላይ የባሕር ማዶው ፊልም ሌላ ቦታም ይገኝ ይሆናል። ከፊልሙ በፊትና በኋላ የተቀዳው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ዜና፣ ማስታወቂያ፣ የበዓል ዝግጅት ግን ላይገኝ ይችላል። ካሴትን አቁሙ እንጂ አታጋድሙ፤ ከእርጥበትና ከፀሐይ አርቁ፤ ቴፑ ላይ ነጭ ሻጋታ ካያችሁ ማጫወቻ ውስጥ አታስገቡት፤ ማጫወቻውን ያበላሻል፣ ሻጋታውንም ወደ ሌሎቹ ካሴቶች ያስተላልፋል። ዲስክን ከመሐል ወደ ጠርዝ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፤ ዙሪያውን አታሽከርክሩ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ቤትና ሱቅ ተዘርፎ ከጠፋው ንብረት መካከል እንዲህ ያለው ክምችት ማንም ሳይቆጥረው የቀረ ነው። የተረፈው ስለዚህ ይበልጥ ውድ ሆኗል።

እነዚያ ዲስኮች ሕጋዊ ነበሩ?

አብዛኞቹ አልነበሩም፤ ከባለመብቱ ፈቃድ ሳይገኝ የተባዙ ናቸው። አገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በ1996 ዓ.ም. የወጣ) አላት፤ በዚህ ዓይነቱ ማባዛት የአገራችን የፊልምና የሙዚቃ ባለሙያዎች ብዙ ተጎድተዋል። ትዝታችን እውነት ነው፤ ይህም እውነት ነው። ዛሬ ከእነዚህ ፊልሞች ብዙዎቹ በሕጋዊ መንገድ ስለሚገኙ የሚችል ሰው ከፍሎ ቢያይ ለሠሪዎቹ ይደርሳል።

ፍጻሜ እንደሌለው እያወቅሁ ለልጄ ወይም ለጓደኛዬ ባሳየው ተገቢ ነው?

ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ቀድማችሁ ንገሩ። እኛ ሳናውቅ ጠብቀናል፤ ሌላው ሰው እንደኛ እንዲጠብቅ ማድረግ ግን ደግ አይደለም። «13 ክፍል ነው፤ የመጨረሻው ጥያቄ አይመለስም» ከተባለ ተመልካቹ የሚያየውን ለማየት ይቀመጣል እንጂ መልስ አያሳድድም። ልጆች እንዲያውም ከትልልቆች ይልቅ ይህን በቀላሉ ይቀበላሉ፤ ቀሪውን ራሳቸው ይሠሩታል።

የት ላይ እንደምታቆሙም ምረጡ። አልካትራዝ በመጨረሻው ክፍል ዋናዋን መርማሪ በሞትና በሕይወት መካከል፣ ይልቁንም ወደ ሞቱ አድልቶ ጥሏት ያልፋል፤ ለልብ የሚከብደው ሰው ከእሱ በፊት ባለው ክፍል ቢያቆም አይፈረድበትም። በሳራ ኮነር ፊልም ግን እስከ መጨረሻው ሂዱ፤ ጆን ወደ ፊት ዘመን ተሻግሮ ማንም የማያውቀው ሰው ሆኖ የቆመበት ትዕይንት ቀጣይ ባይኖረውም ለብቻው ሙሉ ነው። ለጀማሪ የምመርጠው ፋየርፍላይን ነው፤ 14 ክፍልና አንድ ፊልም ስለሆነ በክረምት የትምህርት ዕረፍት ላይ ያለ ጥድፊያ ያልቃል። ከ12 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ግን ሪቨርስ የተባሉት ሰው በላዎች የሚነሡባቸውን ክፍሎች ቀድማችሁ ራሳችሁ እዩአቸው።